የረጃጅም ጽሑፍ ገጾችን የመስመርና የአንቀጽ ርቀት ማስተካከል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራውና መሣሪያው

በተለያየ ጊዜ በተለያዩ እጆች የተጻፉ፣ ረጃጅም የአማርኛ ጽሑፎችን የያዙ የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) ፋይሎችን ወደ አንድ ወጥ አብነት ማዛወር ጀምሬያለሁ። የጽሑፎቹ ቃል አይነካም፤ የሚስተካከለው በመስመርና በመስመር፣ በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል ያለው ርቀት ብቻ ነው። አሁን ባሉበት ሁኔታ አንዱ ገጽ ላይ አንቀጾቹ ተጣብቀዋል፤ ሌላው ላይ በሁለት አንቀጾች መካከል ግማሽ ስክሪን የሚሞላ ባዶ ቦታ አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ በአንዱ ብራውዘር ደህና ሆኖ በሌላው ይዛባል። ለሥራው የያዝኩት ደንብ አንድ ነው፦ በገጹ ላይ የሚታይ ማንኛውም ባዶ ቦታ ከየትኛው ትእዛዝ እንደመጣ ሳይታወቅ በላዩ ላይ ሌላ ትእዛዝ አይጨመርበትም።

የምጠቀምባቸው መሣሪያዎች በሬገክስ (የፊደል ቅጦችን በሚገልጽ የፍለጋ ቋንቋ) መፈለግና መተካት የሚችል የጽሑፍ ኤዲተር፣ የክሮም፣ የፋየርፎክስና የሳፋሪ የዴቨሎፐር መሣሪያዎች፣ እንዲሁም የኮዱን ስሕተት የሚያሳይ አንድ የኤችቲኤምኤል ቫሊዴተር ናቸው። ሁሉም በነፃ ስለሚገኙ የሚወጣው ጊዜ ብቻ ነው፤ ከእሱም አብዛኛውን የሚበላው ማጽዳቱ እንጂ ስታይል መጻፉ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ብራውዘሩ በራሱ የሚያደርገውን ማየት

ከማንኛውም እርማት በፊት የፋይሎቹን ስታይል (የገጹን መልክ የሚወስኑትን ትእዛዞች) በሙሉ አጥፍቼ ገጾቹን ከፈትኩ። ብራውዘር ስታይል ባይሰጠውም የራሱ ነባሪ ስታይል ስላለው አብዛኛው ርቀት የሚመጣው ከዚያ ነው። በነባሪው የፊደል መጠን 16 ፒክስል፣ የቦዲ (የገጹ አካል) ማርጂን፣ ማለትም በዙሪያው የሚተወው ባዶ ቦታ፣ በየአቅጣጫው 8 ፒክስል፣ የፒ ታግ (የአንቀጽ ምልክት) የላይና የታች ማርጂን ደግሞ 1 ኤም፣ ማለትም የፊደሉን መጠን ያህል ነው። ርእሶችም የየራሳቸው አላቸው፦ ኤች1 የፊደል መጠኑ 2 ኤም ሆኖ ማርጂኑ 0.67 ኤም፣ ኤች2 1.5 ኤም ሆኖ 0.83 ኤም ነው፤ በዚህ መልክ እየወረደ ኤች6 ላይ ፊደሉ 0.67 ኤም፣ ማርጂኑ 2.33 ኤም ይሆናል። ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተመረጡ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ የማርጂኑ ኤም የሚለካው በራሱ በርእሱ ፊደል ስለሆነ፣ ሲባዙ ከኤች1 እስከ ኤች6 ያለው ርቀት ሁሉ ከ18 እስከ 25 ፒክስል ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ፊደሉ ሲያንስ ማርጂኑ በኤም የሚያድገው ይህን ለማካካስ ነው።

በአንቀጾች መካከል ቦታ መተው የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1995 የወጣው የኤችቲኤምኤል 2.0 ሰነድ እንኳን አንቀጾች ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በግማሽ መስመር ባዶ ቦታ እንደሚከበቡ ይገልጻል። ሲኤስኤስ (ስታይል የሚጻፍበት ቋንቋ) ገና ደረጃ ሆኖ ያልጸደቀበት ጊዜ ስለነበር ውሳኔው ለብራውዘሩ የተተወ ነበር፤ ዛሬም ደራሲው ዝም ካለ የሚወስነው ብራውዘሩ ነው።

በፋይሎቹ ውስጥ ላለው ዝርክርክነት መነሻው ግን ሌላ ነው። በምንጭ ኮዱ ውስጥ የተጻፈ ማንኛውም የክፍተት፣ የታብና የአዲስ መስመር ተከታታይ ብራውዘሩ ዘንድ ወደ አንድ ክፍተት ይጠቃለላል። ጸሐፊው ኤንተርን አሥር ጊዜ ቢጫንም በገጹ ላይ የሚታየው አንድ ክፍተት ነው። ይህን ያየ ሰው ቦታ ለመፍጠር ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በእነዚህ ፋይሎች ውስጥም ሁሉም መንገዶች ተሞክረዋል፦ ሁለትና ሦስት ቢአር (መስመር የሚሰብር ታግ) በተከታታይ፣ የማይሰበር (ብራውዘሩ የማያጠቃልለው) ክፍተት ብቻ የያዘ ፒ፣ ምንም ያልያዘ ፒ፣ አንዳንድ ቦታ ላይም ባዶ የሠንጠረዥ ረድፍ።

የአማርኛ ጽሑፍ በዚህ ማጠቃለል ላይ የራሱን ችግር ያመጣል። ከፋይሎቹ ጥቂቶቹ ቃላትን የሚለዩት በክፍተት ሳይሆን በሁለት ነጥብ ነው። ኮዱ ውስጥ አንድ ረጅም አንቀጽ ለአርትዖት እንዲመች በበርካታ መስመሮች ተከፋፍሎ ተጽፏል። እያንዳንዱ መስመር በሁለት ነጥብ ስለሚያልቅና ከእሱ ቀጥሎ ያለው አዲስ መስመር ወደ ክፍተት ስለሚለወጥ፣ በገጹ ላይ አንዳንድ ቃላት በ«፡» ብቻ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በ«፡» እና በክፍተት ተለያይተው ይታያሉ። አንባቢው የሚያየው በአንቀጹ መሐል እዚህም እዚያም የተረጨ ትርፍ ክፍተት ሲሆን፣ ኮዱን ሳይከፍት ምክንያቱን ማወቅ አይችልም። መፍትሔው እንዲህ ባሉ ጽሑፎች ውስጥ አንዱን አንቀጽ በኮዱም በአንድ ያልተቋረጠ መስመር መጻፍ ነው። ሁለት ነጥብ ራሱ ከኋላው መስመር መስበር የሚፈቅድ ምልክት ስለሆነ፣ ክፍተት ባይኖርም ጽሑፉ በስክሪኑ ስፋት ልክ ይታጠፋል እንጂ ከሳጥኑ አይወጣም።

ደረጃ 2፦ ማጽዳት

ጥንድ ቢአሮችን በሬገክስ እየፈለግሁ ወደ አንቀጽ ድንበር ለወጥኳቸው። ከሁለት አንቀጾች መካከል ቢአር ሲገባ የሚፈጠረው ርቀት የመስመሩ ቁመት ብዜት ስለሆነ በማርጂን ማስተካከል አይቻልም፤ አንድ ሙሉ መስመር ወይም ሁለት ሙሉ መስመር ነው፣ ከዚያ የሚያንስ ወይም መሐል ላይ የሚያርፍ ምርጫ የለም። ከዚህም በላይ ሁለቱ አንቀጾች ለብራውዘሩም ሆነ ለስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነብ ፕሮግራም) አንድ አንቀጽ ናቸው። በስክሪን ሪደር የሚያነብ ሰው ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ መዝለል ሲፈልግ የሚያርፍበት ድንበር አያገኝም።

ግጥሞች ከዚህ ተለይተው ቀርተዋል። የስንኙ መጨረሻ የይዘቱ አካል ስለሆነ ቢአር በዚያ ቦታ ትክክለኛው ታግ ነው፤ የኤችቲኤምኤል መመሪያም ለቢአር ምሳሌ አድርጎ የሚጠቅሰው ግጥምንና አድራሻን ነው። እያንዳንዱን የግጥም ክፍል በአንድ ፒ ውስጥ አስገብቼ ስንኞቹን በነጠላ ቢአር ለይቻለሁ። ለረጃጅም ግጥሞች ዋይት-ስፔስ የተባለውን ባሕርይ ፕሪ-ላይን ማድረግም ይቻላል፤ ይህ ክፍተቶችን እያጠቃለለ አዲስ መስመርን ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ስታይሉ ባልተጫነበት ጊዜ ስንኞቹ ወደ አንድ ስለሚፈሱ ቢአርን መርጫለሁ።

የማይሰበር ክፍተት የያዙት ፒዎች ሁሉ ተሰርዘዋል። እነዚህ ባዶ ይምሰሉ እንጂ ለብራውዘሩ አንድ መስመር ጽሑፍ ያለባቸው አንቀጾች ናቸው፤ ቁመትም ማርጂንም አላቸው። ምንም ያልያዘ ፒ ግን የተለየ ነው፦ ቁመት ስለሌለው የላይና የታች ማርጂኑ እርስ በርስ ይዋሃዳል፣ ከጎረቤቶቹም ማርጂን ጋር ይዋሃድና ከነጭራሹ አይታይም።

ይህ አለመታየት አደገኛ ነው። በሚቀጥለው እርምጃ አንቀጾቹን በፍሌክስ (ሌላ የሲኤስኤስ አቀማመጥ ዘዴ) ዓምድ ውስጥ አድርጌ ርቀቱን በጋፕ፣ ማለትም በአካላቱ መካከል ክፍተት በሚሰጠው ትእዛዝ ብቻ ለመቆጣጠር ሞከርኩ። የፒን ማርጂን ገና ሳላነሳ፣ አንዳንድ ዝርዝሮች ካለቁ በኋላ ብቻ ትልልቅ ክፍተቶች ብቅ አሉ። በዴቨሎፐር መሣሪያው ስመለከት በዚያ ቦታ በፋይሉ ውስጥ ማንም ያልጻፈው ባዶ ፒ አለ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ጸሐፊው ፒ ከፍቶ በውስጡ የዩኤል ዝርዝር አስገብቷል፣ ከዝርዝሩ በኋላ ፒውን ዘግቷል። ፒ ግን ዝርዝርን መያዝ አይችልም። ፓርሰሩ (ኮዱን የሚያነበው የብራውዘሩ ክፍል) ዩኤል ሲያይ የተከፈተውን ፒ ራሱ ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የፒ መዝጊያ ታግ የሚዘጋው ነገር ስለማያገኝ፣ ፓርሰሩ በሕጉ መሠረት አዲስ ባዶ ፒ ይፈጥርለታል። በተራው የብሎክ አቀማመጥ ውስጥ ይህ ባዶ ፒ በማርጂን ውህደት ስለሚጠፋ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። በፍሌክስ ውስጥ ግን ማርጂኖች አይዋሃዱም። ፊደሉ 20 ፒክስል፣ የሁሉም ማርጂን 1 ኤም ቢሆን፣ ከባዶው ፒ በላይና በታች ባሉት ሁለት አካላት መካከል በብሎክ አቀማመጥ 20 ፒክስል የነበረው ርቀት በፍሌክስ 80 ፒክስል ይሆናል፤ ጋፑ ገና ሳይደመር ማለት ነው።

የፍሌክሱን ሙከራ ትቼዋለሁ፤ ለጽሑፍ ገጽ ተራው የብሎክ አቀማመጥ ይበቃል። ነገር ግን የተደበቁትን ታጎች ስላጋለጠልኝ ጠቃሚ ነበር። ከዚያ በኋላ ፋይሎቹን በቫሊዴተር አሳልፌ መክፈቻ የሌላቸውን የፒ መዝጊያዎች በሙሉ አስወግጃለሁ። ከዝርዝሩ በኋላ ያለ ታግ ተንጠልጥለው የቀሩት ዓረፍተ ነገሮችም የራሳቸው ፒ ተሰጥቷቸዋል፤ ቀድሞ ለፒ የተጻፈ ስታይል አይደርሳቸውም ነበርና።

ዶክታይፕ (የሰነዱን ዓይነት የሚናገር የመጀመሪያ መስመር) የሌላቸው ገጾችም ተገኝተዋል። እነዚህን ብራውዘሮች በኩርክስ ሞድ፣ ማለትም የድሮ ብራውዘሮችን አሠራር በሚከተል ሁኔታ ስለሚከፍቷቸው፣ በዚያ ሁኔታ ሠንጠረዥ ከወላጁ የመስመር ቁመትን አይወርስም። በአንድ ገጽ ላይ ከሠንጠረዡ ውጭ ያለው ጽሑፍ ሰፋ ብሎ በውስጡ ያለው ተጣብቦ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ዶክታይፕ በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሲገባ ያለ ሌላ እርማት ተስተካከለ።

ደረጃ 3፦ የመስመር ቁመት

ላይን-ሃይት (የመስመር ቁመት) ካልተሰጠ ዋጋው «ኖርማል» ነው። ይህ ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ ከፎንቱ መለኪያዎች የሚወጣ ሲሆን የሲኤስኤስ 2.1 ሰነድ ከ1.0 እስከ 1.2 ቢሆን ይመክራል። የግእዝ ፊደል በአብዛኛው የመስመሩን ከፍታ የሚሞላ ስለሆነ፣ የላቲን ትንንሾቹ ፊደሎች በላያቸው የሚተዉትን አየር አይተውም። ስለዚህ ለላቲን የሚበቃው ርቀት ለአማርኛ ጽሑፍ ጠባብ ይሆናል። ከ1.4 ጀምሬ እየጨመርኩ በረጅም አንቀጽ ላይ አነበብኩ፤ 1.6 ላይ ዓይን ከመስመሩ መጨረሻ ወደ ቀጣዩ መጀመሪያ ሳይሳሳት ይመለሳል። ከ1.8 በላይ ሲሆን አንቀጹ አንድ አካል መሆኑ ይላላል፣ በመስመሮቹና በአንቀጾቹ መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየትም የአንቀጹን ርቀት አብሮ ማሳደግ ያስፈልጋል። የፊደሉን መጠን 20 ፒክስል፣ ላይን-ሃይቱን 1.6 አድርጌ 32 ፒክስል የሚሆን መስመር መረጥኩ። ሙሉ ቁጥር መሆኑ በኋላ ለሚመጣው ስሌት ይጠቅማል።

ቁጥሩ ያለ መለኪያ መጻፉ ወሳኝ ነው። ከነባር ፋይሎች አንዱ በቦዲ ላይ 150 በመቶ ብሎ ጽፎ ነበር። በመቶኛ ወይም በኤም ሲጻፍ ልጆቹ የሚወርሱት ብዜቱን ሳይሆን የተሰላውን ፒክስል ነው፦ የቦዲው ፊደል 16 ፒክስል ከሆነ 24 ፒክስል ይወረሳል፣ 32 ፒክስል ፊደል ያለው ኤች1ም በ24 ፒክስል መስመር ውስጥ ይታጨቃል። ርእሱ ሁለት መስመር ሲሆን የታችኛው መስመር ፊደሎች በላይኛው እግር ላይ ይወጣሉ። 1.5 ተብሎ ያለ መለኪያ ሲጻፍ ግን የሚወረሰው ቁጥሩ ራሱ ስለሆነ ርእሱ 48 ፒክስል ያገኛል። ለርእሶች ይህም ስለሚሰፋ በአብነቱ ውስጥ ለብቻቸው 1.3 ሰጥቻቸዋለሁ።

ላይን-ሃይት የሚጨምረው ቦታ ከመስመሩ በታች ብቻ የሚቀመጥ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ብራውዘሩ የፎንቱን አሴንትና ዲሴንት (ፊደሎች ከሚቆሙበት መስመር በላይና በታች ያለውን ልክ) ደምሮ ከመስመሩ ቁመት ይቀንሳል፣ የቀረውንም ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ከላይ ግማሹን ከታች ያደርጋል። አሴንቱ 18፣ ዲሴንቱ 6 ፒክስል የሆነ ፎንት በ32 ፒክስል መስመር ውስጥ ከላይ 4 ከታችም 4 ፒክስል ያገኛል። ስለዚህ የአንቀጹ የመጀመሪያ መስመር ከሳጥኑ ጠርዝ ጋር በትክክል አይገጥምም፤ በላዩ ሁልጊዜ ይህ ግማሽ አለ። ማርጂኑ በኮዱ 32 ፒክስል ሆኖ ዓይን ከዚያ የበለጠ ርቀት የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 4፦ ሁለት ፊደል በአንድ መስመር

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያቆየኝ ይህ ክፍል ነው። ጽሑፎቹ አማርኛ ቢሆኑም መሐላቸው በላቲን ፊደል የተጻፉ ስሞችና ኮዶች አሉባቸው። ነባሩ የፎንት ዝርዝር የሚጀምረው በላቲን ፎንት ሲሆን፣ በውስጡ የግእዝ ፊደል ስለሌለ ብራውዘሩ ለእያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ተተኪ ፎንት ይፈልጋል። ተተኪው እንደ ማሽኑ ይለያያል፤ በዊንዶውስ ኢብሪማ ወይም ኒያላ፣ በማክ ከፋ፣ በሌላ ቦታ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ፎንቶች የየራሳቸው አሴንትና ዲሴንት አላቸው።

ላይን-ሃይት ኖርማል በሆነበት ገጽ ላይ ክሮም ተተኪውን ፎንት ጭምር እያሰላ የመስመሩን ቁመት ይወስናል። ውጤቱ በዓይን ይታያል፦ ላቲን ብቻ ያለበት መስመር ያጥራል፣ ግእዝ ያለበት ይረዝማል፣ የአንድ አንቀጽ መስመሮች እኩል ርቀት አይኖራቸውም። ላይን-ሃይት በቁጥር ሲሰጥ ይህ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ያኔ የመስመሩ ቁመት የሚሰላው በዝርዝሩ ውስጥ በመጀመሪያ በሚገኘው ፎንት ብቻ ነው። መስመሮቹ እኩል ይሆናሉ፤ የግእዙ ፊደል ግን በላቲኑ ፎንት ልክ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ስለሚቀመጥ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዘነበለ ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ የግእዙን ፎንት በዌብፎንት (ከገጹ ጋር በሚወርድ ፎንት) አቅርቤ በዝርዝሩ መጀመሪያ አስቀመጥኩት። ፋይሉ ለላቲን ፊደል እንዳይጠራ ዩኒኮድ-ሬንጅን (ፎንቱ የሚያገለግላቸውን ፊደሎች የሚወስነውን ትእዛዝ) በግእዙ መደብ፣ ማለትም ከ1200 እስከ 137ኤፍ ባለው ክልል ወሰንኩት። ስለካው ግን የመስመሩ አቀማመጥ አሁንም በላቲኑ ፎንት ነበር። መልሱ በሲኤስኤስ የፎንት ሰነድ ውስጥ አለ፦ «በመጀመሪያ የሚገኝ ፎንት» የሚባለው በዝርዝሩ ከተጻፉት ውስጥ የክፍተት ምልክትን፣ ማለትም ቁጥር 0020ን፣ በክልሉ የያዘው የመጀመሪያው ነው። በግእዙ መደብ ብቻ የተወሰነ ፎንት ክፍተትን ስለማይዝ፣ በዝርዝሩ ፊት ቢቀመጥም ለዚህ ጉዳይ ይታለፋል። 0020ን ወደ ክልሉ ስጨምር የመስመሩ ልክ ከግእዙ ፎንት ተወሰደ፣ በቃላት መካከል ያለው ክፍተትም ከዚያው ፎንት መጣ። የአማርኛ ጽሑፍ ለሚያቀርብ ሰው ይህች አንዲት ቁጥር ከብዙ የማርጂን ሽርፍራፊ ትበልጣለች ብዬ አምናለሁ። ዋጋው አንባቢው አንድ ተጨማሪ ፋይል ማውረዱ ነው፤ ፋይሉ እስኪደርስ ድረስም ጽሑፉ በተተኪ ፎንት እንዲነበብ ፎንት-ዲስፕሌይን ስዋፕ አድርጌዋለሁ።

ደረጃ 5፦ የአንቀጽ ርቀት

በአንቀጾችና በርእሶች መካከል ያለው ርቀት የማርጂን ድምር አይደለም። ቀጥ ብለው የሚገናኙ የብሎክ ማርጂኖች ይዋሃዳሉ፣ ትልቁም ያሸንፋል። 18 ፒክስል ፊደል ባለው ነባር ገጽ ላይ የፒ ማርጂን 18፣ ከሥሩ ያለው ኤች2 ደግሞ 27 ፒክስል ፊደል ስላለው ማርጂኑ 22.41 ፒክስል ነው፤ በመካከላቸው የሚታየው 40.41 ሳይሆን 22.41 ነው። የፒን ማርጂን ወደ 20 ቢያሳድጉት በዚያ ቦታ ምንም አይለወጥም።

ውህደቱ በወላጅና በልጅ መካከልም አለ። ባለቀለም የማስታወሻ ሳጥኖች ውስጥ የመጀመሪያው አንቀጽ ማርጂን ከሳጥኑ ውጭ ወጥቶ ሳጥኑን ወደ ታች ይገፋው ነበር፤ በውስጡ ግን ጽሑፉ ከቀለሙ ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ይታያል። ፓዲንግ (በሳጥኑ ውስጥ ከጠርዙ የሚተው ቦታ)፣ ቦርደር (የጠርዝ መስመር) ወይም ፍሎው-ሩት የተባለው ዲስፕሌይ ይህን ያቆመዋል። ለሳጥኖቹ ፓዲንግ ስለሚያስፈልጋቸው እሱን ሰጥቻቸዋለሁ።

በአብነቱ የወሰንኩት ማርጂን ከላይ ብቻ እንዲሆን ነው፤ የታች ማርጂን ሁሉ ዜሮ ነው፣ የሳጥን የመጀመሪያ ልጅም ከላይ ዜሮ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚታየው ርቀት ሁሉ የታችኛው አካል ትእዛዝ ስለሆነ ፍለጋው አንድ ቦታ ላይ ያበቃል። የመጠኑ መለኪያ ኤም ቢሆን ትንሽ ፊደል ያለው የግርጌ ጽሑፍ ያነሰ ርቀት ያገኝ ነበር። ስለዚህ የገጹን መሠረታዊ የመስመር ቁመት የሚለካውን አርኤልኤች ተጠቅሜ ለአንቀጽ 1፣ ለኤች2 ደግሞ 2 ሰጠሁ፤ ማለትም 32 እና 64 ፒክስል። ሦስቱም ብራውዘሮች ይህን መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ይደግፉታል። ለቀደሙት ስል ከእሱ በፊት ባለው መስመር ተመሳሳዩን በሬም (በገጹ መሠረታዊ የፊደል መጠን በሚሰላ መለኪያ) ጽፌያለሁ፤ ብራውዘር የማያውቀውን ትእዛዝ ስለሚዘል ያኛው ይሠራል።

ደረጃ 6፦ ትንንሾቹ

በአንቀጽ ውስጥ የገባ ምስል ከሥሩ ቀጭን ክፍተት ይተዋል፤ ምስሉ እንደ ፊደል በቤዝላይኑ (ፊደሎች በሚቆሙበት መስመር) ላይ ስለሚቆም ከእሱ በታች የዲሴንት ቦታ ይቀራል። ለብቻቸው ለሚቆሙ ምስሎች ዲስፕሌይን ብሎክ ማድረግ በቂ ሆነ። የግርጌ ማስታወሻ ቁጥሮች ደግሞ ከፍ ብለው ስለሚጻፉ መስመራቸውን ይገፋሉ፤ ቁጥሩን ከፍ ለሚያደርገው ሰፕ ታግ ላይን-ሃይትን ዜሮ ስሰጥ ቁጥሩ ከፍ እንዳለ ቀርቶ የመስመሩ ቁመት ወደ 32 ተመለሰ።

ደረጃ 7፦ አንባቢው ርቀቱን ሲለውጥ

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የደብሊውሲኤጂ 2.1 (የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ) መስፈርት ቁጥር 1.4.12፣ አንባቢው የመስመሩን ቁመት የፊደሉን 1.5 እጥፍ፣ ከአንቀጽ በኋላ ያለውን ርቀት 2 እጥፍ፣ በፊደሎች መካከል 0.12፣ በቃላት መካከል 0.16 እጥፍ ቢያደርግ ይዘትም ሆነ አገልግሎት እንዳይጠፋ ይጠይቃል። በ20 ፒክስል ፊደል 30፣ 40፣ 2.4 እና 3.2 ፒክስል ማለት ነው። እነዚህን የያዘ ትንሽ ስታይል በዴቨሎፐር መሣሪያው በገጾቹ ላይ ጫንኩ። የጽሑፉ አካል ያለ ችግር ተዘረጋ። የተጎዱት በፒክስል የተወሰነ ቁመት የነበራቸው የማስታወሻ ሳጥኖችና የምናሌው አዝራሮች ናቸው፤ የመጨረሻው መስመር ከወገቡ ተቆርጧል። ቁመታቸውን ወደ ዝቅተኛ ቁመት፣ ማለትም ሚን-ሃይት ለውጬ እንደገና ስጭን ምንም አልተቆረጠም።

የቀረው

ከመጀመሪያው መስመር በላይ የሚቀረውን ግማሽ ሌዲንግ (በደረጃ 3 የተጠቀሰውን ግማሽ ቦታ) የሚያስወግደው ቴክስት-ቦክስ-ትሪም የተባለ ባሕርይ በሳፋሪ ከ18.2፣ በክሮም ከ133 ጀምሮ አለ። መቁረጫው የሚለካው ከፎንቱ ውስጥ በተጻፉት እንደ ላቲን አቢይ ሆሄ ቁመት ባሉ ልኮች ስለሆነ፣ የግእዝ ፊደል አናት ከዚያ ልክ ጋር ይገጥም አይገጥም በተመረጠው ፎንት ላይ መለካት አለበት። ለጊዜው በማስታወሻ ሳጥኖቹ ላይ ብቻ የላይና የታች ፓዲንጉን በ4 ፒክስል ቀንሼ አራቱን ጎን አመጣጥኛለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው የኅትመት ስታይሉ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሥራ በኅትመት ላይ አርኤልኤች የሚለካበትን የመስመር ቁመት በፖይንት እንደገና መወሰን ነው።